እስራኤል አሽቀሎን ባህሩ አጠገብ ላላችሁ፣ አትክልተኛ ለምትፈልጉ

ይሄን ፖስት ነገ ነገ እያልኩ ዓመት አለፈኝ፣ ትናንት ማታ ግን እማዬ ግቢ ውስጥ ቡና እያፈላች "ይሄ ሽታ ከቡናዬ ጋር ሊጣላ ነው" ስትል ሳቄ መጣና በቃ ዛሬስ እጽፋለሁ አልኩ።

ሽታው የፒቶስፖሮም ነው። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ተክሉን እዚህ አገር ያላችሁ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በየህንፃው በር በየመናፈሻው ዳር ያለው፣ ቅጠሉ ወፈር ብሎ የሚያብለጨልጭ፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ የሆነው ቁጥቋጦ ነው። የፔሳህ (የአይሁድ ፋሲካ) ሰሞን ነጭ አበባ ያወጣል፣ ሲቆይ ቅቤ ይመስላል፣ ሽታው ቁርጥ የብርቱካን አበባ፣ እማዬ ደሞ ዘጌ ያየሁት የቡና አበባ ነው ብላ ድርቅ። ከብርቱካን ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም፣ አገሩ ጃፓን ኮሪያና ቻይና ነው፣ ፍሬውም አይበላም፣ ሲፈነዳ ውስጡ ቀይ የሚያጣብቅ ዘር ነው ያለው።

እኛ ቤቱ የገባነው 2021 መጨረሻ ላይ ነው፣ ምድር ቤት፣ ትንሽ ግቢ ያለው፣ ከባህሩ በእግር አምስት ደቂቃ። የድሮዎቹ ሰዎች አጥር ብለው ጽጌረዳ ተክለው ነበር፣ ያ ጨው ያዘለ ንፋስ በመጣ ቁጥር ቅጠሉ ዳር ዳሩን እሳት የላሰው ይመስላል። አንድ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው መጥቶ ሁሉን ነቅለን ፕላስቲክ ሳር እናንጥፍ አለን፣ ዋጋውን ስንሰማ ባለቤቴ ውሃ ጠጣ። ከዛ በምኩራብ የምታውቀን አንዲት እናት ናት ስለ ጋሼ የነገረችን። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም እሳቸውም አይወዱም፣ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ አትክልት ላይ የሰሩ የኛው ሰው ናቸው። መጡ፣ አዩ፣ አፈሩን በእጃቸው ዝግን አርገው ለቀቁትና "ልጄ ዘንድሮ ሽሚታ ነው አልተክልም፣ ዓመቱ ይውጣ" ብለው ሄዱ። ሽሚታ በየሰባት ዓመቱ መሬት የሚያርፍበት ዓመት ነው። ሥራ ሲጠራቸው እምቢ ያለ አትክልተኛ አይቼ አላውቅም እኔ።

ኖቬምበር 2022 የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ካራሰው በኋላ ራሳቸው ደወሉ፣ እኛ እኮ ረስተናል። ትልልቁን ችግኝ እንግዛ ስንል አይሆንም አሉ፣ ትንሹ ቶሎ ስር ይይዛል፣ ትልቁ በዚህ ንፋስ ሲወዛወዝ ይከርማል ብለው አስራ አራት ትንንሽ ችግኝ በ70 ሳንቲሜትር ርቀት ደረደሩ፣ ጉድጓዱን ሰፋ አርገው ግን ጥልቀቱን ችግኙ ከመጣበት ማሰሮ እኩል፣ አንገቱ አፈር ውስጥ እንዳይገባ። ለደጁ ደሞ ከአጭሩ ዓይነት ሶስት ትልልቅ ማሰሮ፣ ታች ቱፍ (ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ) ድንጋይ፣ ላይ አፈርና ኮምፖስት። አራተኛውን ማሰሮ ለእማዬ ጤና አዳም ተዉላት፣ ያን ቀን ነው ልቧን የወሰዱት።

የመጀመሪያ ዓመት ምንም የሚያድግ አይመስልም እውነቴን ነው። በዛ ላይ የማሰሮዎቹ ቅጠል ቢጫ መሆን ጀመረ፣ እኔም ቆጣ ብዬ ጋሼ ተክልዎ እየሞተ ነው ብዬ ቴክስት ላክሁላቸው። በማግስቱ መጡ፣ ማሰሮውን ከፍ ሲያረጉት ስር ያለው ሳህን በውሃ ጢም ብሏል፣ ለካ ባለቤቴ ውሃ ይጠማዋል ብሎ በየቀኑ ይሞላዋል። ምንም አልተቆጡም፣ ሳህኑን ገልብጠው፣ ቅጠሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ ሲደክም ውሃ በዝቶበታል፣ አዲሱ ቅጠል ብቻ ገርጥቶ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ግን ብረት አንሶት ነው አሉኝ። እኔ ቴክስቱን ሳስበው እስካሁን አፍራለሁ።

ኦክቶበር 2023 ጦርነቱ ሲጀመር የሆነውን ታውቃላችሁ። እኛ ልጆቹን ይዘን ወደ ዘመድ ወጣን፣ ሁለት ወር ቆየን፣ ውሃውንም ዘግተን ነበር የሄድነው። አጥሩ መሬት ውስጥ ዓመት ስለሞላው ችሎ ይቆያል፣ ማሰሮ ግን ያው ማሰሮ ነው፣ ስሩ የሚሄድበት የለውም፣ ውሃ ካጣ ይደርቃል። ስንመለስ ሶስቱም አረንጓዴ! ለካ ጋሼ ከተማው ውስጥ ቀርተው ነበርና ሲረኑ ሲያርፍ በጀሪካን ውሃ እየያዙ ይመጡ ነበር፣ የጤና አዳሟንም ጭምር። አንድ ቃል አልነገሩንም፣ ጎረቤት ናት የነገረችን። ገንዘብ ልስጥዎት ስላቸው ደሞ "እኔ እኮ ስራመድ ነው" አሉኝ፣ ምን ትላላችሁ እንዲህ ያለውን ሰው።

የሳቸውን ምክር አለመስማት የሚያስከፍለውንም ልንገራችሁ። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ስለሆነ መቁረጥ ከአበባ በኋላ ነው ብለውን ነበር፣ እኛ ግን ጃንዋሪ ላይ ለህንፃው ጽዳት የመጣው ልጅ በማሽን ሲላጨው ዝም አልን፣ ፔሳህ ደረሰ፣ አጥሩ ቀጥ ያለ እንደ ሰራዊት፣ አበባ ግን ሁለት ሶስት። በሌላ ጊዜ ደሞ ግንዱ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ወረሰው፣ ቅጠሉ ተጣበቀ ጠቆረ፣ ጉንዳን ተሰለፈ፣ እኔ መርዝ ልገዛ ስነሳ ጋሼ አስቆሙኝ። በሳሙና ውሃ እጠቢውና ቀይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ጢንዚዛ ጠብቂያት፣ መርዝ ከረጨሽ መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ናት አሉኝ። ጎግል ሳረግ እውነት፣ በ1888 ከአውስትራሊያ ካሊፎርኒያ ተወስዳ የብርቱካን እርሻውን ከዚሁ ተባይ ያዳነች ጢንዚዛ አለች። የኛዎቹ ጢንዚዛዎች ተባዩን ለመጨረስ ሶስት ሳምንት ወሰደባቸው።

ዘንድሮ አጥሩ ወገቤን አልፏል፣ ማታ ማታ መስኮት ስንከፍት ቤቱ በአበባው ሽታ ይሞላል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አርጉኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። አሽቀሎንና አሽዶድ ይመጣሉ፣ ራቅ ያለ እንጃ። ወገባቸውን ስለሚያማቸው ትልልቅ ዛፍና ዘንባባ አይቆርጡም። ዓርብ ከሰዓት አትደውሉላቸው፣ አያነሱም።