ለሥራም ለሩቅ መንገድም የሚሆን ሞተር ላስመረጡኝ መካኒክ

ሀዋሳ ውስጥ ሞተር ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው።

የማመሰግናቸው ሰው አቶቴ አካባቢ ገባ ብሎ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው የሞተር መካኒክ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ እንዳላወጣ አስጠንቅቀውኛል። «ሰው ሲበዛ ሥራ ይበላሻል» ነው ያሉት። የፈለገ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ አድራሻውን እሰጣለሁ።

ጉዳዬ እንዲህ ነበር። ቤቴ አቶቴ ነው፣ የምሠራው ጥቁር ውሃ በኩል ነው። ጠዋትና ማታ ከተማውን አቋርጣለሁ። ቤተሰቦቼ ደግሞ ዶዶላ ናቸው። በሻሸመኔና በኮፈሌ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለቤቴ እረፍት ስታገኝ አብረን እንሄዳለን። ከዚህ ሌላ እስከ አርባ ምንጭ፣ ሲሞላልኝም እስከ ባሌ የመሄድ አምሮት አለኝ። ለዚህ ሁሉ የሚበቃ አንድ ሞተር ነበር የምፈልገው። ሁለት የመግዛት አቅም ያለው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፣ የእኔን ጽሁፍ ትቶ ይግዛና ይንዳ።

መካሪ አላጣሁም። አንዱ «ሩቅ የምትሄድ ከሆነ ከ250 ሲሲ በታች እንዳትነካ» አለኝ። ሲሲ የሞተሩ ትልቀት መለኪያ ነው። ሌላው ከድርጅት ጨረታ የወጣች ያማሃ ፈልግ፣ እሷ ገደልም ትወጣለች አለኝ። ቢሮ ያለው ጓደኛዬ ደግሞ «አዲስ ቦክሰር ግዛና ተገላገል» አለ፣ የህንዱን ባጃጅ ኩባንያ ሞተር ማለቱ ነው። ሦስቱም ሲናገሩ አሳማኝ ናቸው። ሦስቱም የሚያወሩት ስለራሳቸው መንገድ ነው።

ጋሼ ጋ ስደርስ የጠየቁኝ ስንት ብር እንዳለኝ አይደለም። «ከምትነዳው መቶ ኪሎ ሜትር ስንቱ ከተማ ውስጥ ነው?» አሉኝ። አስቤ ሰማንያው ሳይሆን አይቀርም አልኳቸው። «እንግዲያውስ የምትገዛው የከተማ ሞተር ነው። ሩቁን የሚችል የከተማ ሞተር። ሩቅ ሄዶ ከተማ ውስጥ የሚያስለቅስህን አይደለም።» ከዚያ ቀጥለው «ከኋላ ማንን ነው የምትጭነው?» አሉ። ባለቤቴን፣ አንዳንዴም ከዶዶላ ስመለስ የእናቴን ስንቅ አልኳቸው። ሳቁ። የእናትን ስንቅ ክብደት ያውቁታል መሰለኝ።

የጨረታዋ ያማሃ ነገር እዚያው አለቀ። ሞተሯ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ እንዲያውም ያወድሷታል። ነገር ግን ያማሃዋ፣ ኤክስ ቲ ዜድ 125፣ የመቀመጫዋ ከፍታ 84 ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ ረጅም አይደለሁም። ፒያሳ ላይ በባጃጅና በባጃጅ መሀል በየሜትሩ እየቆሙ በአንድ እግር ጣት መደገፍ፣ ከኋላ ሰው ተጭኖ ሲሆን፣ መውደቅን መለመን ነው። ባለቤቴም ቀሚስ ለብሳ ትወጣባታለች ወይ የሚለው አለ። ለገጠር ሥራ፣ ለኮረኮንችና ለጭቃ ግን እንደዚያ ዓይነቷን የሚያህል የለም ይላሉ። በየወረዳው የሚዞር የጤና ወይም የግብርና ሠራተኛ ይህን የእኔን ምርጫ አይከተል። ሁለት ምት ሞተር ያላቸውን የድሮዎቹን፣ እንደ ኤ ጂ 100 ያሉትን፣ ለሚያስብ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራሉ። ዘይቱን ከቤንዚን ጋር አብሮ ነው የሚያቃጥለው። የዘይቱን ጋን መሙላት የረሳ ሰው ፒስተኑን ይሰናበታል።

ትልቁስ? እዚህ ላይ ነው ጋሼን ይበልጥ የወደድኳቸው። በእጃቸው የሚሸጥ ትልቅ ሞተር ነበር። አንድ ደንበኛ «ገዢ ካገኘህልኝ» ብሎ ጋራዣቸው አቁሞታል። ቢያሻሽጡኝ ኮሚሽን ነበራቸው። እሳቸው ግን መንገዱን ጠየቁኝ። «ከሻሸመኔ ዶዶላ ስትሄድ በስንት ትነዳለህ?» ከብት አለ፣ አህያ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ከጎን መንገድ ሳያይ የሚገባ ባጃጅ አለ፣ ከፊት ደርቦ የሚመጣ አይሱዙ አለ። ሰማንያ መንዳት ራሱ ድፍረት ነው። ታዲያ 130 የሚሄድ ሞተር ገዝተህ ሰማንያ ከነዳኸው ትርፉ ምንድን ነው? ክብደቱ ግን በየቀኑ አብሮህ አለ። ቤንዚኑም አለ። መለዋወጫው ሲጠፋ አዲስ አበባ ማስፈለጉም አለ። በርግጥ ትልቅ ሞተር በሰማንያ ሲሄድ አይንቀጠቀጥም፣ ለመደረብም ጉልበት አለው። ያንን አልካዱም። «እሱን የምታገኘው በወር አንዴ ነው፣ ዕዳውን የምትከፍለው ሁልጊዜ ነው» አሉኝ።

ከታች ደግሞ ወሰን አላቸው። 100 እና 110 ሲሲ ከተማ ውስጥ ደህና ነው፣ ሁለት ሰው ይዞ የኮፈሌን ዳገት ግን በስቃይ ነው የሚወጣው ይላሉ። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ መካኒክ ብቻ ሳይሆኑ አስተማሪም ቢሆኑ ያዋጣቸው ነበር አልኩ። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ሳስቷል። ስለዚህ ሞተሩ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ገና ከቤት ሳይወጣ አጥቷል። ኮፈሌ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ባሌ ያለው ሰነቴ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ከሲሶ በላይ ይጠፋል። ቤንዚኑን ከአየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ደግሞ አየሩ እንደሳሳ አያውቅም። የለመደውን ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። በካርቡሬተር ፋንታ ኢንጀክሽን፣ ማለትም ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ መጥኖ የሚረጭ፣ ያለው ሞተር ይህን ራሱ ያስተካክላል። ጋሼ ግን ኢንጀክሽኑን ለእኔ አልመረጡም። ቆሻሻ ቤንዚን ገብቶበት መንገድ ላይ ቢቆም፣ ካርቡሬተርን የሚፈታ ልጅ በየከተማው አለ፣ የኢንጀክሽንን መርማሪ መሣሪያ ግን ሁሉ ጋ አታገኝም። በእኔ ግምት ይህ ከዓመት ዓመት እየተለወጠ ይሄዳል። ለዛሬ ግን ልክ ናቸው።

ስለዚህ 150 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ ካርቡሬተር። በመጨረሻ ቦክሰር 150 ሆነ። ቢሮ ያለው ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ እንደሚኮራ አውቃለሁ፣ ይኩራ።

ነዳጅ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ቤንዚን ለማግኘት ሰልፍ ምን እንደሚመስል የሀዋሳ ሰው አይነገረውም። በጠርሙስ የሚሸጠውን የገዛም ምን እንደተቀላቀለበት አያውቅም። ስለዚህ ለሩቅ መንገድ ከፈረስ ጉልበቱ ይልቅ ጋኑ ስንት ይይዛል የሚለው ይቀድማል። የቦክሰሩ ጋን 11 ሊትር ነው። ተረጋግቶ ለሚነዳው በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ብንይዝ እንኳ አንድ ሙሌት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ከሀዋሳ አርባ ምንጭ በሶዶ በኩል ከ300 በታች ነው። ሳይቀዱ ይደረሳል ማለት ነው። አዲስ አበባም 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይበቃል። ግን አዲስ አበባ በሞተር ልግባ የምትል ካለህ፣ ከተማዋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሞተር ማንቀሳቀስ እንደከለከለች አትርሳ። አሁን ያለውን ደንብ ጠይቀህ ተነሳ።

አዲስ ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም፣ ያገለገለ ነው የፈለግነው። «የፈለግነው» ያልኩት ጋሼ አብረውኝ ስለዞሩ ነው። አንድ ደላላ ያሳየን በጣም የሚያምር ነበር፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሞተሩ በአንድ ርግጫ ተነሳ። ጋሼ እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ። ሞቋል። «ከመምጣታችን በፊት አስነስታችሁታል፣ ነገ ጠዋት ሳይነሳ አየዋለሁ» አሉ። ደላላው ነገ ገዢ አለኝ አለ። ይሁንለት ብለን ሄድን። ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም የሚሉት ነገር አላቸው። ጠዋት የመጀመሪያው ጭስ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው።

ሌላው ላይ ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩን በጨርቅ ጠርገው ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አነበቡ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው መሪውን ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ አዞሩ። መሀል ላይ ከያዘ ኩሽኔታው አልቋል። ሰንሰለቱን ከኋላው ጥርስ ላይ በጣታቸው ጎተቱ። ከጥርሱ ከተላቀቀ ተስቧል። ከጎማው ኋላ ሆነው በአንድ ዓይን የፊቱንና የኋላውን መስመር አዩ። ወድቆ የተቃና ሞተር እዚህ ላይ ይታወቃል። የተገዛው ሦስተኛው ነው። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ማርሜታው የተቧጨረ፣ ውስጡ ግን ንጹሕ። ስም ዝውውሩ፣ ሦስተኛ ወገኑ፣ ቦሎው ሳያልቅ ሙሉ ክፍያ እንዳልከፍል ያዘዙኝም እሳቸው ናቸው።

ከገዛሁ በኋላ ለሩቅ መንገድ ምን ልጨምር ብዬ ረጅም ዝርዝር ይዤ ሄድኩ። ግማሹን ሰረዙት። ፍጥነት እንዲጨምር የኋላው ጥርስ ይነስ ብዬ ነበር፣ እምቢ አሉ። ሜዳ ላይ ትንሽ ይሻልሃል፣ ሁለት ሆናችሁ ዳገት ላይ ግን ማርሽ ስትቀንስ ትውላለህ አሉኝ። የተስማሙበት ነገር ወንበሩ ነው። የፋብሪካው ስፖንጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያሳምማል። ጎረቤታቸው ሶፋ ሰሪ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ሞልቶ በአዲስ ልብስ ሰፋው። ለገንዘቡ ከዚህ የተሻለ ነገር አላደረግሁም ብል ማጋነን አይሆንም። ከኋላ ጠንካራ የዕቃ መጫኛ በየዱ። ጎማዎቹን ለአስፋልትም ለጠጠርም በሚሆን አስቀየሩኝ። ትርፍ ካላማዳሪ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድና ጎማ ማውለቂያ ከወንበሩ ሥር ይኑርህ አሉ። ጎሚስታ በየከተማው አለ፣ ጎማ ግን የሚፈነዳው ከተማ ውስጥ አይደለም።

አንድ ምክራቸው ደግሞ ለሁሉም ሞተረኛ ይድረስ። የእኔ ሞተር ፍሬን ከፊትም ከኋላም ባለ ከበሮ ነው። ከኮፈሌ ወደ ሻሸመኔ ሲወረድ ፍሬን ይዞ መውረድ ከበሮውን ያግለዋል፣ ሲግል መያዙን ይቀንሳል። ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይዞ መውረድ ነው። ዜሮ ማርሽ አድርጎ ቤንዚን ለመቆጠብ የሚወርድ ሰው ካያችሁ ራቁት። ዲስክ ያለው በዚህ በኩል የተሻለ ነው፣ በጀቱ ያለው ዲስክ ይምረጥ። ጋሼም ይህን አልደበቁኝም።

ዶዶላ ሄደን ተመልሰናል። ከሰባ እስከ ሰማንያ ባለው ውስጥ ያለ ጭንቀት ይሄዳል። ከዚያ በላይ እጅ ላይ ንዝረት ይጀምራል፣ ሞተሩም ይጮኻል፣ ስለዚህ አልሄድም። ዳገቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ያስፈልገዋል፣ ጭነት ሲኖር ሁለተኛም። ብርዱ ግን የሞተር ጉዳይ አይደለም፣ ወፍራም ጃኬትና ጓንት ያዙ። በማግስቱ ያው ሞተር ፒያሳን አቋርጦ ሥራ ቦታ አደረሰኝ።

እንግዲህ ወደ እሳቸው የምትሄዱ ጥቂት ነገር እወቁ። ጋሼ ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት። «ለነገ ይደርሳል» ካሉ ለከነገ ወዲያ ያዙት። ስልክ ብዙም አያነሱም። ጨቅጫቃ ደንበኛን ያባርራሉ፣ እኔ ራሴ ሲያባርሩ አይቻለሁ፣ ያውም ልክ ነበሩ ብዬ አልምልም። አብሯችሁ ሞተር ለማየት ሲወጡ የውሎ ይከፈላቸዋል፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ሞተሩ ቢገዛም ባይገዛም ያው ነው። ከሻጭ በኩል ምንም አይቀበሉም። ያወለቁትን አሮጌ ዕቃ በካርቶን አድርገው ይመልሱላችኋል። እሁድ ዝግ ነው። ጠዋት ሥራ ሳይበዛባቸው ሂዱ፣ ያላችሁን ሞተር የምታሳዩ ከሆነም ገፍታችሁ ውሰዱት እንጂ አስነስታችሁ አትምጡ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበልዎት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስምዎትን አላነሳሁም።