በፍሎሪዳ ደሴቶች ቤት ለሚሠራና ለሚያድስ፦ ሰርቬየሩ፣ ጉዳይ አስፈጻሚውና የግል ኢንስፔክተሩ ሲመዘኑ

ከአና ማሪያ እስከ ሳኒበል፣ ከፎርት ማየርስ ቢች እስከ ኪይስ፣ በፍሎሪዳ ደሴቶች ላይ ቤት መግዛቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ጣጣው የሚመጣው የገዙትን ቤት መንካት ሲጀምሩ ነው። በዚህ ጣጣ ዙሪያ ገንዘብ የሚከፈልባቸው ሦስት ዋና አገልግሎቶች አሉ፦ ወለልና መሬት የሚለካው ሰርቬየር፣ ፐርሚት ራነር የሚባለው ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ፕራይቬት ፕሮቫይደር የሚባለው የግል ኢንስፔክተር። ሦስቱም ዋጋ አላቸው፤ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ጉዳይ አስፈጻሚ ይቀጥርና ሰርቬየሩን መጨረሻ ላይ ይጠራል። ደሴት ላይ ግን ምን መሥራት እንደሚቻል የሚወስነው የጎርፍ ደንቡ ስለሆነ፣ ይህ አካሄድ ከሁሉም ውድ ነው።

ስለዚህ ሰርቬየሩን እናስቀድም። ፌማ የሚባለው የአሜሪካ ፌደራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው የጎርፍ ካርታ እያንዳንዱን ቦታ በፊደል ይመድበዋል። ቪ-ኢ የተባለው ቢያንስ 3 ጫማ የሚደርስ ማዕበል የሚጠበቅበት ነው። በኤ-ኢ ጎርፉ ይደርሳል፣ ማዕበሉ ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ከፊደሉ ጎን ያለው ቁጥር ውኃው የሚደርስበት ከፍታ ነው፤ የፍሎሪዳ የግንባታ ሕግ በዚያ ላይ ቢያንስ 1 ጫማ ይጨምራል፤ ከዚህም በላይ የሚጠይቁ ከተሞች አሉ። አለካኩም እንደ ዞኑ ይለያያል። በኤ-ኢ የሚለካው የዝቅተኛው ወለል የላይኛው ገጽ ሲሆን፣ በቪ-ኢ ግን ወለሉን የተሸከመው ዝቅተኛ አግዳሚ ቢም የታችኛው ጠርዝ ነው። ቢሙ 16 ኢንች ቁመት ካለው ቤቱ በዚያው ልክ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደረጃው ይረዝማል፣ የጣሪያው ጫፍም ከዞኒንግ (ከአካባቢው የመሬት አጠቃቀም ደንብ) የከፍታ ገደብ ጋር ይጋጫል። ይህን አርክቴክቱ መሳል ሳይጀምር ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሻጩ የተገኘ አሮጌ የከፍታ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ሰርቬየር የቤቱን ከፍታ ለክቶ የሚሰጠው ወረቀት፣ ላይ መተማመን የተለመደ ስህተት ነው። የቆዩት ሰርተፊኬቶች በ1929ኙ የከፍታ መነሻ (ልኬቱ ከዜሮ የሚጀምርበት ነጥብ) የተለኩ ናቸው፤ የዛሬዎቹ ካርታዎች ደግሞ በ1988ቱ ተሠርተዋል። በደቡብ ፍሎሪዳ የሁለቱ ልዩነት ከ1 ጫማ ይበልጣል፤ የአሮጌው ቁጥር ከፍ ብሎ ስለሚታይም ቤቱ ደንቡን ያለፈ ያስመስለዋል። ሰርተፊኬቱ ላይ የመነሻው ዓመት ተጽፏል፤ ከቁጥሩ በፊት እሱን ማየት ነው። ጥሩ ሰርቬየር ሲዋዋል ሦስት ልኬት በአንድ ዋጋ ያቀርባል፦ ያለውን ቤት፣ ወለሉ እንደተሠራ ግድግዳው ከመነሣቱ በፊት፣ ሥራው ሲያልቅ። መካከለኛው ልኬት ከተዘለለና ወለሉ ጥቂት ኢንች ዝቅ ብሎ ከተገኘ ማስተካከያው የሚመጣው ጣሪያው ከተሠራ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያቀርብ ሰርቬየር ዋጋው ቢረክስም አይመከርም።

ለአሮጌ ቤት ደግሞ ከሰርቬየሩ ጎን የንብረት ገማች ያስፈልጋል። ምክንያቱ 50 በመቶ የሚባለው የፌማ ደንብ ነው፦ ከደንቡ በታች ዝቅ ብሎ የተሠራ ቤት የእድሳት ወጪው የቤቱን የገበያ ዋጋ ግማሽ ከደረሰ፣ ቤቱ እንዳለ የአዲስ ቤት መስፈርት ማሟላት አለበት፤ በአጭሩ ወደ ላይ ከፍ መደረግ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ዋጋው የቤቱ ብቻ መሆኑን ነው። መሬቱ አይቆጠርም፤ ውኃ ዳር ደግሞ አብዛኛው ዋጋ ያለው መሬቱ ላይ ነው። ለምሳሌ በ1,200,000 ዶላር ከተገዛ ይዞታ ላይ ቤቱ ብቻውን 240,000 ቢገመት፣ እድሳቱ 120,000 ዶላር ላይ ሲደርስ ደንቡ ይይዘዋል። 119,000 ያልፋል፤ ግን ግድግዳ ሲከፈት የበሰበሰ እንጨት የማይገኝበት የደሴት ቤት ስለሌለ፣ እስከ ጫፉ የተጠጋ በጀት ይዞ መግባት አይመከርም።

ወጪው ውስጥ የሚደመረው ዕቃው፣ ጉልበቱ፣ የማፍረሱ ሥራና የኮንትራክተሩ ትርፍ ነው። ባለቤቱ በራሱ እጅ ወይም ዘመድ በነፃ የሠራው እንኳ በገበያ ዋጋ ተተምኖ ይገባል። የፕላንና የቅየሳ ክፍያ፣ የፈቃድ ክፍያ፣ ፍርስራሽ ማንሣት፣ አጥር፣ መዋኛ ገንዳና ከቤቱ የተነጠለ ግንባታ አይገቡም። ኮንትራክተሩ ሁሉንም ባንድ ድምር ከጻፈው የማይቆጠረውም ተቆጥሮ ያልፋል፤ ስለዚህ ዋጋው በመስመር ተዘርዝሮ ይቅረብ። ካውንቲው ለግብር የያዘው ግምት ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ፈቃድ ያለው ገማች የቤቱን ዋጋ ብቻ ለይቶ ሲያቀርብ ገደቡ ሊሰፋ ይችላል። ለባንክ ብድር የተሠራ ግምት መሬትና ቤትን አንድ ላይ ስለሚያይ ለዚህ አይሆንም፤ ሥራው ለጎርፍ ደንቡ መሆኑን ከጅምሩ መንገር ነው። አውሎ ነፋስ በጎዳው ቤት ላይ የሚገመተው ከጉዳቱ በፊት የነበረው ዋጋ ነው። ጉዳቱ ግማሹን ካለፈ ደግሞ በፌደራል የጎርፍ መድን ውስጥ ቤቱን ከፍ ለማድረግ ወይም ለማፍረስ እስከ 30,000 ዶላር የሚከፍል ክፍል አለ፤ የማይጠይቀው ሰው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጉዳይ አስፈጻሚው። ጥሩው ማመልከቻውን አሟልቶ ያስገባል፣ የገምጋሚዎችን አስተያየት ተከታትሎ ለመሐንዲሱ ያደርሳል፣ የትኛው ወረቀት ከየትኛው ቢሮ እንደሚቀር ያውቃል። ደሴት ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ቦታው ከባሕር ዳር ግንባታ መቆጣጠሪያ መስመር ወደ ባሕሩ በኩል ከሆነ የክፍለ ግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል። በገልፍ ዳርቻ አብዛኛው ክፍል ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 31 የባሕር ኤሊ እንቁላል የምትጥልበት ወቅት ስለሆነ የባሕር ዳር ሥራና ወደ አሸዋው የሚያበራ መብራት ይገደባል። የጀልባ ዶክ (ጀልባ የሚታሰርበት መድረክ) ከ1,000 ካሬ ጫማ፣ ልዩ ጥበቃ ባላቸው ውኃዎች ደግሞ ከ500 ካሬ ጫማ ካልበለጠ ከክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን የከተማውንም ሆነ የጦር ሠራዊቱን የመሐንዲሶች ክፍል ፈቃድ አይተካም። «ዶኩ ነፃ ነው» ብሎ ሥራ የሚያስጀምር አስፈጻሚ የሚያውቀው የነገሩን አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው።

ሌላው መፈተኛ የሥራ መጀመሪያ ማስታወቂያ ነው። ውሉ ከ5,000 ዶላር በላይ ከሆነ ባለቤቱ ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ፈርሞ በካውንቲው ክለርክ (መዝገብ ቤት) ያስመዘግበዋል፤ ሥራውም በ90 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ሌላ ቀን ካልተጻፈበት ከአንድ ዓመት በኋላ ጊዜው ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ ለኮንትራክተሩ የተከፈለ ገንዘብ ዕቃ አቅራቢው ሲከስ ሁለተኛ ሊያስከፍል ይችላል። የደሴት ሥራ ደግሞ ከዓመት መብለጡ የተለመደ ነው። አስፈጻሚው የማብቂያውን ቀን ከጅምሩ ካላስረዘመ፣ ከተላላኪ የተለየ ነገር አልሠራም።

ፈቃዱን ባለቤቱ በራሱ ስም እንዲያወጣ የሚገፋፋ ሰው ሲመጣ ደግሞ መጠንቀቅ ይገባል። ሕጉ ባለቤት የራሱን ቤት እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሥራው ካለቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተሸጠ ወይም ከተከራየ ለሽያጭ ወይም ለኪራይ እንደተሠራ ይገመታል፤ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ቢጎዳም ኃላፊነቱ ፈራሚው ላይ ይወድቃል። በደሴቶቹ ብዙው ቤት ለኪራይ የሚሠራ መሆኑ ነገሩን ያብሰዋል።

የግል ኢንስፔክተሩን አገልግሎት ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። የፍሎሪዳ ሕግ ባለቤቱ ወይም ኮንትራክተሩ በከተማው ኢንስፔክተር ፈንታ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ፣ አርክቴክት ወይም ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ድርጅት እንዲቀጥር ይፈቅዳል፤ ፕላን ይገመግማል፣ ቦታው ላይ ይፈትሻል፣ የከተማው የፈቃድ ክፍያም በዚያው መጠን መቀነስ አለበት። ጥቅሙ የሚታየው ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን ነው። የኮንክሪት መኪና በድልድይ ተሻግሮ ሲመጣ ኢንስፔክተሩ «ከሰዓት በኋላ» ካለ ጭነቱ ይበላሻል። የግሉ በተቀጠረለት ሰዓት ይገኛል። ከአውሎ ነፋስ በኋላ የከተማው ቢሮ በሥራ ሲጥለቀለቅ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ሲቀጠር ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ በአንድ ክስተት ቢያንስ 1 ሚሊዮን፣ በድምሩ 2 ሚሊዮን ዶላር የሙያ ኃላፊነት መድን መኖሩ፤ ቤቱን የነደፈው ወይም የሚሠራው ድርጅት ራሱ አለመሆኑ። የራሱን ሥራ መፈተሽን ሕጉ በግልጽ ይከለክላል።

ነገር ግን ማስታወቂያቸው ላይ ጎልቶ የማይጻፍ ገደብ አለ። የግል ኢንስፔክተሩ ማረጋገጫ የጎርፍ መቋቋሚያውን ክፍል አይሸፍንም፤ ያን የከተማው ግንባታ ቢሮ በራሱ ማየት ግዴታው ነው፤ ዞኒንጉም እንደዚያው። ከባሕር ርቆ ላለ ቤት ይህ ትንሽ ነገር ነው። ደሴት ላይ ግን ፋይሉን ለሳምንታት የሚያስቀምጠው እሱ ነው፤ «የግል ስለሆነ ቶሎ ያልቃል» የሚለው ሻጭ የማያሳጥረውን ወረፋ እየሸጠ ነው። ለሚሠራው ሥራ አገልግሎቱ ጥሩ ነው፤ ለፍጥነት ብቻ ብሎ መግዛት ግን ያሳዝናል።

የከተማው የጎርፍ ጉዳይ ኃላፊ ጋር ቀድሞ መነጋገር ብዙውን ጊዜ ምንም አያስከፍልም። ረቂቅ ፕላን፣ የሰርቬየሩን ሰርተፊኬትና የገማቹን ቁጥር ይዞ መሄድ ነው፤ ባዶ እጅ ለሄደ የሚሰጠው በራሪ ወረቀት ነው። እነዚህ ቢሮዎች ለምን እንደጠነከሩ መረዳትም ይጠቅማል። ኢያን አውሎ ነፋስ በሴፕቴምበር 28 ቀን 2022 ከመታ በኋላ፣ ፌማ በ2024 ፎርት ማየርስ ቢችን ጨምሮ በሊ ካውንቲ ያሉ አካባቢዎች የነበራቸውን 25 በመቶ የጎርፍ መድን ቅናሽ ሊያነሣ መሆኑን አስታወቀ፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ባንኮኒው ማዶ ያለው ሰው አንድ ቤት ባሳለፈ ቁጥር የመንደሩን ሁሉ መድን እያሰበ ነው።

በመጨረሻው ፍተሻ የሚጥለው ሁሌም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነገር ነው። በኤ-ኢ ዞን ከወለሉ በታች የተከለለ ቦታ ለመኪና፣ ለመግቢያና ለዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ውኃ የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍተትም ያስፈልገዋል። ለ1 ካሬ ጫማ 1 ካሬ ኢንች ስለሚሰላ፣ 600 ካሬ ጫማ ቦታ 600 ካሬ ኢንች ክፍት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ወንፊቱና መዝጊያው የሚይዘው ይቀነሳል። ቢያንስ ሁለት ሆነው በተለያዩ ግድግዳዎች ላይ፣ ታችኛው ጠርዛቸው ከመሬት ከ1 ጫማ ሳይበልጥ ይቀመጣሉ። በርና መስኮት አይቆጠሩም። የኤሲው የውጭ ክፍል፣ የውኃ ማሞቂያውና የመብራት ፓኔሉ ከጎርፉ ከፍታ በላይ መሆን አለባቸው፤ የኤሲ መጫኛው ጥቂት ኢንች አጥሮ የመኖሪያነት ሰርተፊኬት የሚከለከል ቤት ብዙ ነው። መስኮቶቹ ላይ የተለጠፈው የምርት ማጽደቂያ ስቲከር ኢንስፔክተሩ ሳያይ አይላጥ፤ የብሎኑ ርቀትም ማጽደቂያው ከሚለው ካልገጠመ መስኮቱ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን አያልፍም።

ኮንትራክተሩ የመጨረሻውን ክፍያ የሚወስደው የተጠናቀቀው ሥራ የከፍታ ሰርተፊኬት ገብቶ፣ ፈቃዱ በከተማው መዝገብ ላይ «ተዘግቷል» ተብሎ ከታየ በኋላ እንዲሆን ውሉ ውስጥ ይጻፍ። በ180 ቀን ውስጥ ያለፈ ፍተሻ የሌለው ፈቃድ ጊዜው ያልፋል፤ ያም የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ቤቱ ሊሸጥ የገዢው ጠበቃ መዝገቡን ሲያወጣ ነው።