ለቤት ስቱዲዮ የትኛው ማይክሮፎን ይሻላል? የአራት ማይክሮፎኖች ንጽጽር

በቤቱ ዘፈን፣ መዝሙር ወይም መንዙማ ለመቅረጽ ማይክሮፎን የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው ዋጋንና ስምን ነው። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ክፍሉ ነው፤ ያው ማይክሮፎን ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ባለው መኝታ ቤት የሚሰጠው ድምፅና ባዶ የብሎኬት ግድግዳ ባለው ክፍል የሚሰጠው ድምፅ ፈጽሞ አይገናኙምና።

ለንጽጽር የተመረጡት ሹር ኤስ ኤም 58፣ ሹር ኤስ ኤም 7 ቢ፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤ ቲ 2020 እና አምስተኛው ትውልድ ሮድ ኤን ቲ 1 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዳይናሚክ (ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠሩ)፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ኮንደንሰር (ኃይል የሚፈልጉና ስስ ድምፅን አጥርተው የሚይዙ) ሲሆኑ፣ አራቱም ከፊት የሚመጣውን ድምፅ አጉልተው ከኋላ የሚመጣውን የሚቀንሱ ካርዲዮይድ ማይክሮፎኖች ናቸው። በአሜሪካ ገበያ ኤስ ኤም 58 እና ኤ ቲ 2020 እያንዳንዳቸው ወደ 100 ዶላር፣ ኤን ቲ 1 ወደ 250 ዶላር፣ ኤስ ኤም 7 ቢ ደግሞ ወደ 400 ዶላር ይሸጣሉ፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ ዋጋቸው ከዚህ ከፍ እንደሚል መጠበቅ ይገባል።

«ዳይናሚክ ማይክሮፎን የውጭ ጫጫታ አይስብም» ሲባል በብዛት ይሰማል፤ እውነትነቱ ግን በከፊል ነው። ዳይናሚክ ማይክሮፎን ላይ አፍን አስጠግቶ መዝፈን የተለመደ በመሆኑ የዘፋኙ ድምፅ ጎልቶ ይገባል፤ ጌይኑን (ድምፁ የሚጎላበትን መጠን) ዝቅ ማድረግ ስለሚቻልም የጎረቤት ቴሌቪዥንና የክፍሉ ማስተጋባት አብረው ያንሳሉ። በዘፋኙና በማይክሮፎኑ መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ የሚገባው ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ ማስተጋባቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ጫጫታውን የሚቀንሰው በዋናነት ቅርበቱ ነው። ኮንደንሰርንም አስጠግቶ መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም የወፍራሙ ድምፅ ከልክ በላይ መጉላት፣ የትንፋሽ ድምፅ፣ እንዲሁም «ፐ» እና «በ» ሲነገሩ የሚወጣው ግፊት ቀረጻውን በቀላሉ ያበላሹታል።

ኮንደንሰር ዋጋ የሚያወጣው ጸጥታ ባለበት ነው። ትዝታን በለሆሳስ የሚያንጎራጉር ድምፃዊ በቃላት መካከል የሚስበው ትንፋሽና በእያንዳንዱ ሐረግ መጨረሻ ላይ የሚያርገበግበው ስስ ቅላጼ በኤን ቲ 1 ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በኤስ ኤም 58 ግን ከፊሉ ይደበዝዛል። ከሁለቱ ኮንደንሰሮች ደግሞ ኤን ቲ 1 የራሱ የውስጥ ጩኸት 4 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ የኤ ቲ 2020 ግን 20 ዴሲቤል ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ እጅግ ሰፊ ነው፤ ይሁን እንጂ ጸጥ ያለ የሚባል መኝታ ቤት እንኳ ብዙውን ጊዜ 30 ዴሲቤል ያህል ድምፅ ስላለው፣ መንገድ ዳር ባለ ወይም ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት በክረምት የሚቀርጽ ሰው ይህን ልዩነት አይሰማውም። እንዲህ ላለው ሰው ከኤ ቲ 2020 ወደ ኤን ቲ 1 መሸጋገር ገንዘብ ማባከን ነው።

ኤስ ኤም 7 ቢ በፖድካስትና በዩቲዩብ ስለሚታይ ብዙዎች ይመኙታል። ድምፁ ለስላሳና ሙሉ ነው፤ በ«ሰ» እና በ«ሸ» ላይ ጆሮ የሚወጋ ድምፅ ያላቸውን ዘፋኞችም በእጅጉ ይረዳል። ችግሩ የሚያወጣው ሲግናል እጅግ ደካማ መሆኑ ነው፤ የኤ ቲ 2020 ሲግናል ከእሱ 12 እጥፍ ይበልጣል። በአግባቡ ለመሥራት ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌይን ስለሚፈልግ፣ እንደ ሦስተኛው ትውልድ ፎከስራይት ስካርሌት 2 አይ 2 ያለ 56 ዴሲቤል ብቻ የሚሰጥ ኢንተርፌስ (ማይክሮፎንን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ለዝግታ ዘፈን አይበቃውም፤ የአራተኛው ትውልድ 2 አይ 2 ግን 69 ዴሲቤል ስለሚሰጥ ይበቃዋል። ተጨማሪ ማጉያ መግዛት ግድ ከሆነ የኤስ ኤም 7 ቢ እውነተኛ ዋጋ ከተነገረው በላይ መሆኑ በሒሳቡ ይካተት።

ኮንደንሰሮቹ ከኢንተርፌሱ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በማይክሮፎኑ ገመድ በኩል የሚላክ ኤሌክትሪክ) ይፈልጋሉ። ኤን ቲ 1 በተጨማሪ በዩኤስቢ በቀጥታ ከላፕቶፕ ጋር ይገናኛል፤ ኢንተርፌስ ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው፤ መብራት በጠፋ ጊዜም በላፕቶፑ ባትሪ መቅረጽ ይቻላል። በማይክሮፎኑ ላይ ግን የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም፤ በሙዚቃ ላይ የሚዘፍን ሰው የራሱን ድምፅ በኮምፒውተሩ በኩል ሲያዳምጥ መዘግየት ሊያውከው ስለሚችል፣ ለዘፈን ኢንተርፌስን እመርጣለሁ።

ክፍሉ የሚያስተጋባና ጫጫታ ያለበት ከሆነ ኤስ ኤም 58 ይገዛና የተረፈው ገንዘብ ለወፍራም ብርድ ልብሶች ይዋል። ብዙ ሰው ብርድ ልብሱን ከማይክሮፎኑ ኋላ ይሰቅላል፤ ካርዲዮይድ የሚሰማው ወደ ፊቱ ስለሆነ ግን ከሁሉ በፊት መሸፈን ያለበት ከዘፋኙ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ክፍሉ በዚህ መንገድ ጸጥ ካለና በጀቱ ከፈቀደ ኤን ቲ 1፣ በጀቱ ካልፈቀደ ኤ ቲ 2020 ተመራጭ ነው።

ኤስ ኤም 58 በብዛት በሐሰት የሚመሳሰል በመሆኑ፣ ዋጋው ከተለመደው በጣም ያነሰ ከሆነ መጠራጠር ይገባል። ትክክለኛው ወደ 300 ግራም ይመዝናል፤ ቀለል ያለውን ሳይገዙ መመለስ ይሻላል።