የአየር መንገድ ሠራተኞች ማኅበር ውክልና፦ መዋጮ ከሚከፍል ሠራተኛ የቀረበ ግምገማ

በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መጀመሪያ ማኅበር በሌለበት ድርጅት፣ በኋላም የሠራተኛ ማኅበር ባለበት አየር መንገድ ተቀጥሬ ሻንጣ በመጫንና በማውረድ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ከደመወዜ በየወሩ መዋጮ እየተቆረጠ የማገኘውን ውክልና፣ ገንዘብ እንደሚከፈልበት ማንኛውም አገልግሎት መመዘን እችላለሁ። የራሴን ገጠመኝ ስተርክ ድርጅቶቹንም ማኅበሩንም በስም አልጠራም። ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ በአትላንታ በዴልታ አየር መንገድ የሚሠሩ ወዳጆቼ «ማኅበር ይግባ፣ አይግባ» በሚለው ክርክር መካከል ሆነው «ለመሆኑ አንተን ምን ጠቀመህ?» እያሉ ደጋግመው ስለጠየቁኝ ነው።

በረዶ በጣለበት አንድ ሌሊት፣ ሻንጣ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ የሚያወጣው ባለ ቀበቶ መኪና ፍሬኑ አልይዝ ብሎ የጭነት በሩን ጠርዝ ገጨ። ነጂው እኔ ስለነበርኩ በማግስቱ ያለ ደመወዝ ታገድኩ። በቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ቢሆን ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር፤ ኃላፊው «ውሳኔው ከላይ የመጣ ነው» ይላል፣ ከላይ ያለው ማን እንደሆነ ግን የሚነግር የለም። እዚህ ግን የማኅበሩ ተወካይ፣ ማኅበሩና አየር መንገዱ የተፈራረሙትን የኅብረት ስምምነት ትንሽ መጽሐፍ ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ስለ ጠባዬ አንዲት ቃል ሳትናገር የመኪናውን የጥገና መዝገብ ብቻ ጠየቀች። መዝገቡ ሲቀርብ የፍሬኑ ብልሽት ከ2 ቀን በፊት በጽሑፍ ሪፖርት ተደርጎ እንደነበር ታወቀ፤ ከሥሩም መኪናው በሥራ ላይ እንዲቆይ የፈቀደው ኃላፊ ፊርማ ነበረ። እገዳው ተነሥቶ የ9 ቀን ደመወዜ ተመለሰልኝ። ገንዘቡ ባያስጠላኝም፣ የፈረመው ሰው ስለ ፊርማው ሲጠየቅና መልስ ሲሰጥ ማየቴ ለእኔ ከዚያ በላይ ነበር።

ይህ የሆነው በተወካይዋ ብልሃት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣውና በ1936 አየር መንገዶችን እንዲጨምር የተሻሻለው የአሜሪካ የባቡር ሠራተኞች ሕግ፣ በስምምነቱ አተረጓጎም ላይ የሚነሣ ቅሬታ በውይይት ካልተፈታ አስገዳጅ ውሳኔ ወደሚሰጥ የግልግል ጉባኤ እንዲሄድ መንገድ ያበጃል። ኃላፊዎች መዝገብ የሚያወጡትም የመጨረሻው ቃል የእነርሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለሚያውቁ ነው። ያው ሕግ ግን ማኅበር ማቋቋምን ከባድ ያደርገዋል፤ ውክልና የሚወሰነው በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን በመላው አየር መንገዱ በአንድ የሥራ ዘርፍ በመሆኑ፣ የአትላንታዋ የበረራ አስተናጋጅ የዲትሮይቷንና የሶልት ሌክ ሲቲዋን ጭምር ማሳመን ይኖርባታል። በ2010 የዴልታ አስተናጋጆች ድምፅ ሲሰጡ 9,216 ማኅበሩን ደገፉ፣ 9,544 ተቃወሙ፤ ልዩነቱ 328 ድምፅ ብቻ ነበር።

የተቃወሙትን ንቄ አላልፋቸውም። ዴልታ በ2022 መንገደኞች ለሚሳፈሩበት ሰዓት ለአስተናጋጆቹ የመደበኛውን ክፍያ ግማሽ መክፈል ሲጀምር፣ ከአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች የመጀመሪያው ነበር፤ ለ2024 ለሠራተኞቹ ያከፋፈለው የትርፍ ድርሻም 1.4 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ የራምፕ (የአውሮፕላን መቆሚያ ሜዳ) ሠራተኛ ይህን ጠቅሰው «እኔ ያለ ማኅበርም ልጆቼን አሳድጌያለሁ» ሲሉ፣ አንዲት ወጣት አስተናጋጅ «ጋሼ፣ የሰጡንን አልካድኩም፤ ነገ ቢቀንሱት ግን በየትኛው ወረቀት ይጠይቋቸዋል?» አለቻቸው። እርሳቸውም ዝም አላሉም፤ «ማኅበሩንስ ማን ይጠይቀዋል?» ብለው መለሱላት። ጥያቄያቸው ትክክል ነው።

የእኔ ጉዳይ እልባት ለማግኘት 4 ወር ፈጅቷል፤ ከዚያ ውስጥ 3 ሳምንቱ ስልክ ደውዬ መልስ ያጣሁበት ነው። ስብሰባ የሚጠራው የሌሊት ሠራተኛ ተኝቶ ባለበት በእኩለ ቀን ነው። የስምምነቱ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ብቻ በመታተሙም፣ አብረውኝ የሚሠሩ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች መብታቸውን የሚያውቁት ከሰው ወሬ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1944 የአንድን ጥቁር የባቡር ሠራተኛ አቤቱታ ተቀብሎ፣ ማኅበር የሚወክላቸውን ሁሉ ያለ አድልዎ የማገልገል ግዴታ እንዳለበት ወስኗል፤ መዋጮ የሚከፍል ሰው ይህን ማወቅና መጠየቅ አለበት።

በእኔ ሚዛን አገልግሎቱ የሚከፈልበትን ያህል ዋጋ አለው፤ በዴልታ የምሠራ ብሆን ማኅበር እንዲገባ የሚጠይቀውን የድጋፍ ካርድ እፈርም ነበር። በእኛ በኩል፣ የሌሊት ሺፍት የራሱ ተወካይ እንዲኖረውና ስለ ቅሬታ አቀራረብ የሚናገረው ምዕራፍ ወደ አማርኛ እንዲመለስ የሚጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጅተን እያስፈረምን ነው፤ እስካሁን 41 ሰው ፈርሟል።