ለሰው የተሠራው የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ለውሻ ይሠራል? እኔ ሞክሬዋለሁ

ቡቺ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አራት ኪሎ ተኩል የምትመዝን ሺትዙ የምትባል ትንሽ የውሻ ዝርያ። ባለፈው ክረምት በየአሥር ደቂቃው በሩን መቧጨር ጀመረች። ትወጣለች፣ ቁጢጥ ትላለች፣ ብታምጥ ብታምጥ ጠብታ ብቻ። አንድ ቀን ሴራሚኩ ላይ ሮዝ ነገር ሳይ በጣም ደነገጥኩ። መጀመሪያ የወሰድኳት ክሊኒክ ሽንቷን ሳያዩ የአምስት ቀን አንቲባዮቲክ ሰጡን። ሁለት ሳምንት ደህና ሆነች፣ ከዚያ ተመለሰባት።

ያኔ ነው ከመድኃኒት ቤት አሥር ነገር የሚለካውን ስትሪፕ የገዛሁት። ጠዋት ስትሸና ከኋላዋ ጭልፋ አስገባለሁ (መጀመሪያ ሸሸችኝ፣ በሦስተኛው ቀን ለመደችው)፣ ስትሪፑን ነከር አድርጌ አወጣና ብልቃጡ ላይ ካለው ቀለም ጋር አስተያያለሁ። ሰዓት መያዝ ግድ ነው፣ እያንዳንዱ ቀለም የሚነበብበት ሴኮንድ ይለያያል። ብልቃጡንም ቶሎ ክደኑ፣ እርጥበት ያበላሸዋል።

ውጤቱ ደም ሦስት ፕላስ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 8፣ ናይትራይት (አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሽንት ውስጥ የሚሠሩት ነገር) ኔጌቲቭ። ናይትራይቱን አይቼ ኢንፌክሽን የለም ብዬ ተረጋጋሁ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ሌላ ክሊኒክ ያለች ዶክተር ወረቀቴን አይታ "ናይትራይቱንና የነጭ ደም ሴሉን በውሻ ላይ አትመኚያቸው" አለችኝ። ደሙ፣ ስኳሩና ፒኤቹ ግን ይረዳሉ። እንዲያውም እሷን ያስጠረጠራት ፒኤቹ ነው፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ዩሪያን ሲሰብሩ የሽንቱን ፒኤች ከፍ ያደርጉታል፣ እንዲህ ባለ ሽንት ውስጥ ደግሞ ስትሩቫይት የሚባለው ጠጠር በቀላሉ ይሠራል። ራጅ ተነሳች፣ ፊኛዋ ውስጥ ሁለት ጠጠር። ለካልቸር (ባክቴሪያውን ላብራቶሪ አሳድጎ ለመለየት) ሽንቱን በአልትራሳውንድ እያየች በቀጥታ ከፊኛዋ በመርፌ ወሰደች፣ የጭልፋው ሽንት የፀጉርና የቆዳ ባክቴሪያ ስለሚገባበት አይሆንም። ከሦስት ቀን በኋላ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ወጣ።

ስትሪፑ በጭራሽ የማይነግራችሁ ጠጠሩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ነው። ስትሩቫይት በልዩ ምግብና በትክክለኛው አንቲባዮቲክ ይሟሟል። ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ጠጠር ግን አይሟሟም፣ መውጣት አለበት። ሁለቱም ያደማሉ፣ ስትሪፑ ላይ ደሙ አንድ ዓይነት ነው የሚታየው። ምግቡን እኔ እዚህ አጥቼ እህቴ ከዱባይ በሻንጣ ላከችልኝ፣ እግዜር ይስጣት። በስምንተኛው ሳምንት ራጁ ንጹሕ ነበር፣ ዶክተሯ ፊት አለቀስኩ።

ስትሪፑን አልጣልኩትም። በየሁለት ሳምንቱ ደምና ፒኤች አይበታለሁ፣ ለዚያ ጎበዝ ነው። ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። መንስኤ ለማወቅ ግን ገንዘባችሁን ለራጅና ለካልቸር አስቀምጡ፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሯ በፊት ካልቸሩ ይወሰድ በሉ፣ ከጀመረች በኋላ ባክቴሪያው ላይወጣ ይችላል።

ወንድ ውሻ ያላችሁ ደግሞ፣ እያማጠ ጠብታ እንኳ ካልወጣው ስትሪፕ ፍለጋ አትሂዱ። ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ሌሊትም ቢሆን ያኔውኑ ሐኪም ጋ ውሰዱት።