ኤፍጄ60 ላይ ኢንጀክሽን ካስገጠምኩ በኋላ፦ ስለ መልስ ቱቦው የነገረኝ አልነበረም

ሁለት የነዳጅ ሳልባትዮ ያለው አሮጌ ላንድክሩዘር ኖሯችሁ ካርቡሬተሩን አውጥታችሁ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚረጭ ሥርዓት) ለማስገጠም ካሰባችሁ፣ ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበት ማውራት ሲጀምር አቋርጡትና አንድ ነገር ጠይቁት፦ ከሞተር የሚመለሰው ቤንዚን የሚገባው የትኛው ሳልባትዮ ውስጥ ነው? «ዋናው ውስጥ» ብሎ ዝም ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። እኔ ወራት ሙሉ የተነታረክሁት በዚህች ጥያቄ ምክንያት ነው።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1984 ላንድክሩዘር ኤፍጄ60 ነው። ባለ 4.2 ሊትር 2ኤፍ ሞተር፣ ስድስት ሲሊንደር። የፋብሪካው ሳልባትዮ 90 ሊትር ይይዛል፤ ኋላ ላይ እዚሁ የተበየደለት ሁለተኛው ደግሞ 60። ሁለተኛውን የምፈልገው ርቀት ለመጨመር ብቻ አይደለም። ከከተማ ወጣ ሲሉ ማደያው «የለም» ይላል፣ ቤንዚኑ መንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ ይሸጣል። ውሃ ይግባበት፣ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበት አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ኋላኛው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ የማምነው ዋናው ውስጥ ይቆያል። ሞተሩ ካስቸገረ ሩቢኔቱን አዙሬ ወደ ደህናው እመለሳለሁ። ሁለቱ ካልተቀላቀሉ ነው ጥቅሙ።

በካርቡሬተር ዘመን ይህ ቀላል ነበር። ሞተሩ ጎን ያለው ፖምፓ የሚገፋው በጥቂት ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው። የካርቡሬተሩ ኩባያ ሲሞላ ተንሳፋፊው መርፌውን ይዘጋዋል፣ በቃ። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሩቢኔት ይበቃው ነበር፤ ሁለት መግቢያ፣ አንድ መውጫ።

የኢንጀክሽን ፖምፓ ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ጠጣም አልጠጣም በ58 ፒኤስአይ ገደማ ሳያቋርጥ ይገፋል። የእኔው በሰዓት 200 ሊትር አካባቢ ያንቀሳቅሳል፤ ሞተሩ አስፋልት ላይ በሰዓት የሚያቃጥለው ግን 15 ሊትር ቢሆን ነው። የቀረው ሁሉ በመልስ ቱቦ ይመለሳል። ገጣሚዎቹ ያቺኑ አሮጌ ሩቢኔት ትተው መልስ ቱቦውን ዋናው ሳልባትዮ ላይ በየዱት። ከኋላኛው እየሳበ ወደ ዋናው የሚሞላ መኪና ሰጡኝ ማለት ነው።

አዳማ ላይ ሁለቱንም ሞልቼ መተሐራን እንዳለፍኩ ኋላኛውን ልሞክረው ብዬ ሩቢኔቱን አዞርኩ። ብዙም ሳልሄድ ጉሮሮ የሚይዝ የቤንዚን ሽታ መጣ። ወርጄ ሳየው ከክዳኑ ዙሪያ ቤንዚን በቀለሙ ላይ እየወረደ፣ የኋላ ጎማውን አርሶ፣ የጋለው አስፋልት ላይ እየተንጠባጠበ ነበር። ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አለ። ልጆች አሳፍሬ ነበር። እስካሁን ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል።

ለገጣሚዎቹ ስደውል የተሰጠኝ መልስ «ክዳኑ አርጅቷል፣ ቀይረው» የሚል ነው። ቀየርኩት። አዲሱ ክዳን በደንብ ስለሚገጥም ቤንዚኑ በመተንፈሻ ቱቦው መውጣት ጀመረ። ሁለተኛ ስደውል «እንግዲያው ዋናው እስኪጋመስ ጠብቀህ ቀይር» ተባልኩ። ሂሳቡን እንሥራው፦ ከ90 ሊትሩ 45ቱ ሲቀር የሚገባው ቦታ 45 ሊትር ነው፤ ኋላ ያለው 60። በሃያ ደቂቃ ውስጥ እንደገና ይፈሳል። ባይፈስ እንኳ ለይቼ ያስቀመጥኩት የመንገድ ዳር ቤንዚን ከደህናው ጋር ተቀላቀለ። ታዲያ ሁለት ሳልባትዮ ምን ያደርግልኛል?

ሌላኛው ሻጭ ደግሞ «ሰርጅ ታንክ ግዛ፣ ሁሉንም ይፈታልሃል» ይላል። ሰርጅ ታንክ ማለት ለፖምፓው ቤንዚን የምታቆይ ትንሽ መጠባበቂያ ሳልባትዮ ናት። ግማሹ እውነት ነው። በእጅ የተበየደ ሳልባትዮ ውስጡ መከፋፈያ የለውም። ዓባይ በረሃን ወደ ደጀን ስትወጡ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፖምፓው አየር ይስባል፣ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ካርቡሬተር ኩባያው ውስጥ ባለው ቤንዚን ያንን ክፍተት ያልፈው ነበር፤ ኢንጀክሽን ለቅጽበት እንኳ አይታገሥም። ሁለት ሊትር የምትይዝ ሰርጅ ታንክ ካስገባሁ ወዲህ ዳገት ላይ መጥፋቱ ቀርቷል። ነገር ግን ሰርጅ ታንኳ ስትሞላ ትርፉ የት ይሄዳል? ያው ወደ ሳልባትዮ ነው። ጥያቄው እዚያው ነው ያለው፣ ወንድሜ።

መፍትሔው ባለ ስድስት ቀዳዳ ቫልቭ ነው። እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ባለ ሁለት ሳልባትዮ ፎርድ ፒክአፖች ላይ የነበረው ዓይነት። መሪው አጠገብ ያለውን ማብሪያ ስትጫኑ መሳቢያውንም መልሱንም አብሮ ያዞራል፤ የነዳጅ መለኪያውን (የጌጁን) ሽቦም እንዲሁ። ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ታጣ፣ ከውጭ አስመጣሁት። ከኢንጀክሽኑ ኪት (ሙሉ ዕቃው) ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሌላ ጋራዥ ወስጄ ሳስገጥመው ከመኪናው ሥር ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን በባትሪ አዞርነው። መካኒኩ አጭር ጎማ ቱቦ ሰክቶ በአፉ እየነፋ የትኛው ቀዳዳ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በጣቱ እየደፈነ አሳየኝ፤ ማብሪያውን ስንጫን ውስጡ ያለው ትንሽ ሞተር ዚር ብሎ ቆመ፣ ትንፋሹ በሌላው በኩል ወጣ። ቫልቩ መቀመጥ ያለበት ከከፍተኛ ግፊት ፖምፓው በፊት፣ በመሳቢያው በኩል ነው። ከፖምፓው በኋላ የሚያስቀምጥ ካያችሁ አስቁሙት። ያን ግፊት እንዲችል አልተሠራም።

ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልፈሰሰም። እናም ኢንጀክሽኑን በራሱ ስመዝነው አልጸጸትም፤ ደግሜም አስገጥማለሁ። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡሬተሩን ለዚህ ከፍታ ብታስተካክሉት አፋር ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይግላል፤ ለቆላ ብታስተካክሉት ጣርማበር ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። አሁን ሴንሰሩ ግፊቱን እየለካ ራሱ ያስተካክላል። አዋሽ ላይ ፖምፓው ግሎ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ሲፈላ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ ጥላ ሥር መጠበቅ ቀርቷል። ደብረ ብርሃን በብርድ ማለዳ ያለ ቾክ ይነሳል።

«ይህ መኪና የተሠራው ለካርቡሬተር ነው፣ አትንካው» የሚሉኝ አንጋፋ መካኒኮች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፣ በዚህ ግን አልስማማም። ቶዮታ ራሱ በኤፍጄ62 ላይ 3ኤፍ-ኢ የተባለውን ባለ ኢንጀክሽን ሞተር ገጥሟል፤ ያውም ሥርዓቱን በሙሉ፣ ከነሳልባትዮው አስቦ። የእኛ ገጣሚዎች ኮፈን ሥር ያለውን ብቻ ነው የሚያዩት። ኪቱን የምትሸጡ፣ ደንበኛው ሁለት ሳልባትዮ እንዳለው ጠይቁ፤ ካለው ቫልቩን ዋጋው ላይ ደምራችሁ ንገሩት። እኔ ያኔውኑ ቢነገረኝ ሳልከራከር እከፍል ነበር።