ሁለት ሕጎች፣ አንድ መታወቂያ

የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የእኛው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ወጣ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ በመካከላቸው ግን ስምንት ዓመት ያህል አለ።

በወረቀት ላይ ብዙም አይራራቁም። ሁለቱም መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዝዛሉ፤ ባለቤቱም የተያዘበትን መረጃ የማየትና ስሕተቱን የማሳረም መብት አለው። የጤና መረጃ በሁለቱም ዘንድ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል።

ልዩነቱ የሚሰማኝ ከተቆጣጣሪው ላይ ነው። የአውሮፓው ደንብ እያንዳንዱ አባል አገር ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆነ ተቆጣጣሪ እንዲያቋቁም ያስገድዳል። ቅጣቱም ያማል፤ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ እስከ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። የአየርላንዱ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2023 የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። በእኛ አገር ኃላፊነቱ የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የቴሌኮም ገበያውንም የሚቆጣጠረው እርሱው ስለሆነ ሸክሙ ይከብድበታል ብዬ እሰጋለሁ። ራሱን የቻለ ተቋም ብንመርጥ ይሻል ነበር።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ካስከበረ ቆይቷል። ሆኖም ዛሬም በየሕንጻው በር ላይ መታወቂያችንን እናስረክባለን፤ ስማችንና ስልካችን ማንም ሊያገላብጠው በሚችል መዝገብ ይሰፍራል። መዝገቡ ሲሞላ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ መልስ ያገኘሁበት ቀን የለም። አዋጁ ይህን የመጠየቅ መብት ሰጥቶኛልና መጠየቄን አልተውም።